መርከብ የሌለበት ሐይቅ፦ ከላስታ ተራሮች ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ የሚደረግ የጀልባ ጉብኝትና የውኃው ልክ

በላሊበላ አስጎብኚዎች ቤተ ጊዮርጊስን ሲያሳዩ ሕንፃው የኖኅ መርከብ ምሳሌ መሆኑን ይናገራሉ። የታችኛው ረድፍ ዘጠኝ መስኮቶች ድፍን፣ የላይኛው ረድፍ ዐሥራ ሁለት መስኮቶች ደግሞ ክፍት የሆኑት የጥፋት ውኃው ከታች ስለነበረ ነው የሚል ትርጓሜም ያክሉበታል። የላስታ ሰው ተወልዶ እስኪያረጅ የሚያውቀው መርከብ ይኸው ከዓለት የተፈለፈለው ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። በአብያተ ክርስቲያናቱ መካከል የሚያልፈው ዮርዳኖስ በበጋ ደረቅ ቦይ ነው። ከላስታ ተራሮች የሚነሳው ተከዜም በትውልድ ቀዬው ሳለ ገና ልጅ ወንዝ ነው፤ ጀልባ የሚሸከም ውኃ የሚሆነው ርቆ ወደ ቆላ ከወረደ በኋላ፣ 188 ሜትር ከፍታ ባለው የተከዜ ግድብ ሲታገድ ነው።

ስለዚህ ጀልባ ላይ ተቀምጦ ውኃ ዳር ያለ አገር መጎብኘት የፈለገ የላስታ ሰው፣ ወይም የዓለቱን ሥራ አይቶ ጉዞውን ማራዘም የሚሻ እንግዳ፣ መንገድ መጀመር ግድ ይለዋል። ብዙዎች የሚያስቡት ጣናን ነው። በወሎ ምድር ግን ከላሊበላ ጋር በታሪክ የተሳሰረ ሌላ ውኃ አለ፤ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም መገኛ የሆነው፣ የአካባቢው ሰው ሎጎ የሚለው ሐይቅ ነው። ይህ ጽሑፍ በዚያ ሐይቅ ላይ የሚደረግ የአንድ ቀን የጀልባ ጉብኝት ምን እንደሚያሳይ፣ በሌላው ዓለም ሐይቆች ጎብኚ የሚስቡት የሰጠሙ መርከቦችና የመብራት ማማዎች በእኛ ሐይቆች ለምን እንደሌሉ፣ ደግሞም ደሴት የነበረው ገዳም ዛሬ በእግር የሚገባበት የሆነበትን ምክንያት ያብራራል።

መንገዱ ከላሊበላ ወደ ጋሸና ይወጣል። ከጋሸና ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ደጋውን ካቋረጠ በኋላ ወደ ወልድያ ይወርዳል፤ ከዚያም በደሴ አውራ ጎዳና መርሳን፣ ውርጌሳንና ውጫሌን አልፎ ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። ከተማዋ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ውጫሌ ሲደርሱ በ1881 ዓ.ም. ከጣሊያን ጋር የተፈረመውና ለዐድዋ ጦርነት መነሻ የሆነው ውል በስሟ የሚጠራ መሆኑን የማያስታውስ ተሳፋሪ ጥቂት ነው። ከላሊበላ ተነስቶ በዚያው ቀን በጀልባ መሳፈር አይመከርም። መንገዱ ረጅም ነው፤ ሐይቁ ደግሞ በጠዋት እንጂ በከሰዓት አይመረጥም። በዋዜማው ደርሶ ማደር ይሻላል።

ጠዋት የሚመረጥበት ምክንያት ቀላል ነው። ፀሐይ ስትወጣ የብስ ከውኃ ፈጥኖ ይሞቃል። በየብሱ ላይ ያለው አየር ሞቆ ወደ ላይ ሲነሳ፣ በውኃው ላይ ያለው ቀዝቃዛ አየር ቦታውን ሊሞላ ወደ ዳር ይነፍሳል። በተራራ በተከበበ ሐይቅ ላይ ደግሞ ከሸንተረሩ የሚመጣው ነፋስ ይጨመርበታል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እንደ መስታወት የነበረ ውኃ ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ ማዕበል የሚያነሳው ለዚህ ነው። ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን በሌሊትና በማለዳ የሚያነሱበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ጎብኚው የእነርሱን ሰዓት ቢከተል አይሳሳትም።

ሐይቁ በስፋቱ ትንሽ ነው። 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጣና ከ100 እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። በጥልቀት ግን ነገሩ ይገለበጣል። የጣና ጥልቅ ቦታ 14 ሜትር ገደማ ሲሆን የሎጎ ግን ከ80 ሜትር በላይ ነው። ቤተ ጊዮርጊስ 12 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፤ ስድስት ቤተ ጊዮርጊሶችን አንዱን በሌላው ላይ ደርድረው በዚህ ውኃ መሐል ቢያቆሙ የመጨረሻው ጣሪያ ከውኃው በላይ አይታይም። ጀልባዋ ከዳር ጥቂት እንደራቀች የውኃው ቀለም ከአረንጓዴ ወደ ጥቁር ሰማያዊ የሚለወጠው በዚህ ጥልቀት ምክንያት ነው።

ሐይቁ እንዴት እንደተፈጠረ ሁለት ዓይነት መልስ አለ። የመሬት ሳይንስ ባለሙያዎች አካባቢው በአፋር ስምጥ ሸለቆ ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ያለ፣ መሬት የተሰነጠቀበትና የሰመጠበት ቦታ መሆኑን ይናገራሉ። የሀገሬው አፈ ታሪክ ግን ሌላ ነው። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት እጅ ግፍ ደረሰባት፤ እግዚአብሔርም በግፉ ተቆጥቶ በሴቲቱ ዙሪያ ያለውን ምድር ሁሉ ውኃ አደረገው፤ ልዕልቲቱና አጃቢዎቿ ሰጠሙ፤ ሴቲቱ የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ደረቅ ሆኖ ቀረ፤ ደሴቱም ያ ነው ይባላል። በዚህ ሐይቅ ግርጌ አሉ ተብለው በሰው አፍ የሚነገርላቸው የሰጠሙት እነርሱ ናቸው። ትረካው ለእርሻ ዘጋቢ አንድ ነገር ያስታውሰዋል፤ ደሴቱ በሰው ትዝታ ውስጥ ዙሪያውን በውኃ የተከበበ ነበር።

ጀልባዋ ወደ ገዳሙ ስታመራ ከውኃው በላይ ጎልቶ የሚታየው በዛፍ የተሸፈነ ጉብታ ነው። ትውፊቱ የገዳሙን መመሥረት እስከ 9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይወስደዋል። ስሙ የገነነው ግን በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወደዚህ መጥተው ትምህርት ቤቱን ካደራጁ በኋላ ነው። ከደቀ መዛሙርታቸው አቡነ ተክለ ሃይማኖት ይገኙበታል። የጣናን ዳጋ እስጢፋኖስ የመሠረቱት አባ ኂሩተ አምላክም የዚህ ቤት ልጅ ነበሩ፤ ሁለቱ የሐይቅ ገዳማት በአንድ ሰማዕት ስም መጠራታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። የገዳሙ አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት በሚል ማዕረግ በቤተ መንግሥት ትልቅ ሥፍራ ነበረው።

ለላስታ አንባቢ ከሁሉ የሚቀርበው ግን ሌላው ተማሪ ነው። በትውፊቱ መሠረት ይኩኖ አምላክ ከመንገሡ በፊት በዚሁ ገዳም በኢየሱስ ሞዓ እጅ ተምሯል። እ.ኤ.አ. በ1270 የዛጉዌ ሥርወ መንግሥት ሲያበቃ ዙፋኑን የያዘው እርሱ ነው። ላሊበላን የፈለፈለው የላስታ መንግሥት ማክተሚያ መንገድ፣ በከፊልም ቢሆን፣ በዚህች ትንሽ ደሴት በኩል አልፏል ማለት ነው። በኢየሱስ ሞዓ ዘመን የተጻፈውና በስማቸው የሚታወቀው የብራና ወንጌል በዚህ ገዳም የተጠበቀ ሲሆን፣ በሀገራችን ዘመናቸው በትክክል ከሚታወቅ ጥንታዊ መጻሕፍት አንዱ ነው። ወደ ወንዶች ገዳም ሴቶች አይገቡም፤ በአቅራቢያው የሴቶች ገዳም አለ። በቡድን የሚጓዝ ቤተሰብ ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ መልካም ነው፤ ጀልባዋ ግን ሁሉንም ትሸከማለች፣ ዙሪያውን በውኃ ላይ ሆኖ ማየትም ለሁሉም የተፈቀደ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ላሊበላን ያየና የጻፈ ሰው ነው። ስለ ዓለት አብያተ ክርስቲያናቱ ብዙ ብጽፍ የሚያምነኝ የለም ብሎ መስጋቱን የላሊበላ አስጎብኚዎች ሁሉ ያውቁታል። ይኸው ሰው ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስም ጽፏል። ገዳሙ በደሴት ላይ መሆኑን፣ መነኮሳቱ ሎሚና ብርቱካን የመሰሉ ፍሬዎች ማልማታቸውን፣ በውኃው ውስጥም ጉማሬ መኖሩን መዝግቧል። ከሁሉ የሚገርመው የመሻገሪያው ነገር ነው። መነኮሳቱ የሚመላለሱት ከሸምበቆ መሰል ሣር በተሠራ፣ በአራት ትልልቅ ቅሎች ተንሳፋፊነቱ በተጠናከረ ታንኳ ነበር። ቅሉ ባዶ ሲሆን አየር ይይዛል፤ አየሩ ታንኳውን ወደ ላይ ይገፋል፤ ሣሩ ውኃ ጠጥቶ ሲከብድ እንኳ ቅሎቹ ይሸከሙታል። ዛሬ የሕይወት አድን ጃኬት የምንለው ነገር በተመሳሳይ ሕግ ይሠራል።

ውኃው ግን ገዳሙን ሁልጊዜ አላዳነውም። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ሠራዊት ወደ ሐይቅ በደረሰ ጊዜ ፊቱ የቆመው ቅጥር ሳይሆን ውኃ ነበር። የዘመቻው ጸሐፊ ዓረብ ፈቂህ ፉቱሕ አል-ሐበሻ በተባለው መጽሐፉ ሠራዊቱ ወደ ደሴቱ ለመሻገር ተንሳፋፊ መሻገሪያ መሥራት እንዳስፈለገው ተርኳል። በመጨረሻም የገዳሙ ሀብት ተወስዷል። ያ ሁሉ ውጣ ውረድ የተከሰተው በገዳሙና በየብስ መካከል ውኃ ስለነበረ ነው። ዛሬ ቢሆን ኖሮ ሠራዊቱ እንጨት መቁረጥ ባላስፈለገው ነበር።

ይህን የሚሰማ ጎብኚ እነዚያ መሻገሪያዎች ዛሬ የት አሉ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱ የትም የለም ነው። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ዳር ሰዎች ወለሉ መስታወት በሆነ ጀልባ ተሳፍረው ከ100 ዓመት በፊት የሰጠሙ የእንጨት መርከቦችን ቁልቁል ያያሉ። ውኃው ጨዋማ አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ በጣም ቀዝቃዛ ነው፤ እንጨት የሚበሉ የባሕር ትሎችም የሉበትም። ስለዚህ ምሰሶው፣ ወለሉና መልሕቁ ሳይቀር ይቆያል። የእኛ ሐይቆች ውኃ ሞቃት ነው፤ ታንኳዎቻችንም የሚሠሩት ከደንገል ነው። ደንገል ግንዱ ቀዳዳ የበዛበትና አየር የያዘ በመሆኑ ይንሳፈፋል። ቀዳዳዎቹ ቀስ በቀስ ውኃ ሲጠጡ ግን ይከብዳል። ታንኳ በየጊዜው ከውኃ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ እንዲያም ሆኖ ዕድሜው የሚቆጠረው በሳምንታትና በወራት ነው። ሲያረጅ አይሰጥምም፤ ዳር ላይ ይበሰብሳል፣ ወይም ደርቆ ይማገዳል። በሌላ አነጋገር የእኛ የውኃ ላይ ታሪክ ስብርባሪ የማይተው ታሪክ ነው።

ነገሥታትም ከዚህ ሣር አላመለጡም። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ታስሮ የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ንጉሡ በጣና ላይ ከታንኳ አሠራር የተወሰደ፣ በጎንና ጎኑ በሰው ክንድ የሚዞር መንኮራኩር ያለው ትልቅ ጀልባ ማሠራታቸውን በማስታወሻው ጽፏል። በዓለም ላይ በእንፋሎት የሚነዱ መርከቦች በተስፋፉበት ዘመን የተደረገ ሙከራ ነው። ዘላቂ አልሆነም። በጣና ላይ የብረት ጀልባ የተለመደው ከ70 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው።

ስለ መብራት ማማ እንናገር። በባሕርና በታላላቅ ሐይቆች ዳር የሚቆሙት እነዚህ ማማዎች ሁለት ሥራ አላቸው፤ በሌሊት ለሚጓዝ መርከብ የት እንዳለ ይነግሩታል፣ ዓለት ወይም ደለል ካለበት ቦታም ያርቁታል። ከሁሉ የታወቀው የእስክንድርያው ማማ ነበር። በሱፒሪየር ሐይቅ ዳር በኋይትፊሽ ፖይንት የቆመው ደግሞ ሌላ ትዝታ አለው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 10 ቀን 1975 ኤድመንድ ፊትዝጄራልድ የተባለችው፣ 222 ሜትር ርዝመት ያላት የማዕድን ጫኝ መርከብ በማዕበል ከነ29 ሠራተኞቿ ስትሰጥም፣ የዚያ ማማ መብራትና የራዲዮ ምልክት በነፋሱ ምክንያት አገልግሎት አቋርጠው ነበር። በሐይቅ ላይ እንዲህ ያለ አደጋ ይደርሳል ወይ የሚል ሰው ካለ መልሱ ይኸው ነው።

በሎጎ ማማ የለም፤ አያስፈልግምም ነበር። የሚጓዘው ጀልባ ትንሽ ነው፣ ከውኃው በታች የሚገባው አካሉ ጥቂት ነው፣ ጎብኚ የሚጫነውም በቀን ብርሃን ነው። ነጂው የሚመራው በዓይኑ ነው፤ የገዳሙን ዛፎች፣ የከተማዋን ጣሪያዎች፣ የተራራውን ጫፍ ያያል። እኔ በጀልባዋ ላይ ሆኜ ስመለከት ነጂው አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ታች ሲያይ አላየሁም፤ ዓይኑ ከሸንተረሩ ላይ ነበር፣ ነፋስ የሚመጣው ከዚያ ነውና።

ይሁን እንጂ የሀገራችን ሐይቆች የራሳቸው ማስጠንቀቂያ አላቸው፤ እርሱም የውኃው ልክ ነው። ለዚህ ግልጹ ምሳሌ ጣና ነው። በጣና ላይ ከባሕር ዳር ተነስተው ዘጌን፣ ደቅን፣ ቁንዝላንና ደልጊን እየነኩ እስከ ጎርጎራ የሚጓዙ የብረት ጀልባዎች ሰውና እህል ያመላልሱ ነበር። ሐይቁ ሰፊ ቢሆንም ጥልቀቱ ትንሽ ነው፤ በደሴቶቹ ዙሪያ ዓለት አለ። የትልልቆቹ ጀልባዎች እንቅስቃሴ የሚፈቀደው የሐይቁ ልክ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,785 ሜትር ገደማ በታች እስካልወረደ ድረስ ነው። በ1995 ዓ.ም. ዝናቡ አነስተኛ ሆነ፤ በጨራ ጨራ መቆጣጠሪያ በኩል ለጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫዎች የሚለቀቀው ውኃም ቀጠለ። በሰኔ ወር ሐይቁ ከዚያ ልክ በታች ወረደ። ጀልባዎቹ ለወራት ቆሙ፣ የትራንስፖርት ድርጅቱ ገቢ አጣ፣ በዳር የነበረ ደንገል ደረቀ፣ ውኃው የሸሸበት መሬትም ታረሰ። አንድም መርከብ አልሰጠመም። ውኃው ነው ከመርከቦቹ ሥር የሄደው።

በሎጎ የሆነው ከዚህ የተለየ ነው፤ ቀስ ያለ በመሆኑ ብዙ ሰው አላስተዋለውም። አልቫሬዝ ደሴት ብሎ የጻፈው፣ የኢማሙ ሠራዊት ሊሻገረው የተቸገረው ገዳም ዛሬ በአንድ ወገን ከየብስ ጋር ተያይዟል። በእግር ይገባል። ጀልባ የሚሳፈር ሰው ለደስታው እንጂ መንገድ አጥቶ አይደለም። ጎብኚ ይህን እንደ መልካም ዜና ሊሰማው ይችላል። ግብርና የተማረ ሰው ግን ውኃ ወዴት ሄደ ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

ሎጎ በገጽ የሚፈስ መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው። ወደ ውስጥ የሚገባው በቀጥታ የሚዘንበው ዝናብ፣ ከዙሪያው ኮረብቶች የሚወርደው ጎርፍ፣ እንዲሁም ከበላዩ ካለው ከአርዲቦ ሐይቅ የሚመጣው ወንዝ ነው። የሚወጣው በዋናነት በትነት ነው። ይህ ሒሳብ እንደ ገበሬ ጎተራ ነው፤ የሚገባው ከሚወጣው ሲያንስ ይጎድላል። ከአርዲቦ የሚወርደው ውኃ በመንገዱ ለመስኖ ይጠለፋል። ከሐይቁም ዳር በሞተር ፓምፕ እየተሳበ አትክልት ይለማል። ከኮረብቶቹ የሚታጠበው አፈር ደግሞ የትም ሊሄድ አይችልም፤ መውጫ የለምና ከሐይቁ ውስጥ ይቀራል፣ ቀድሞ የሚሞላውም ጥልቅ ያልሆነውን ዳሩን ነው። በደሴቱና በየብሱ መካከል የነበረው ውኃ እንዲህ ዓይነት ጥልቀት የሌለው ዳር ነበር።

በቁጥር እንየው። 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ካለው ሐይቅ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ውኃ ቢነሳ 230 ሺህ ሜትር ኩብ ይሆናል። ሽንኩርት ከተከላ እስከ ምርት በሔክታር ከ3,500 እስከ 5,500 ሜትር ኩብ ውኃ ይፈልጋል። ስለዚህ የአንድ ሴንቲ ሜትር ውኃ በአንድ ወቅት ከ40 እስከ 65 ሔክታር ሽንኩርት ያጠጣል። ይህም በቦዩ ላይ የሚባክን ከሌለ ነው፤ በእኛ የቦይ መስኖ ብዙ ስለሚባክን በተግባር የሚለማው ከዚያ ያንሳል። ስሌቱ ሁለት ነገር ያሳያል። አንደኛ፣ አንድ ገበሬ በአንድ ፓምፕ ሐይቁን አያደርቅም፤ በእርሱ ላይ ጣት መቀሰር ፍትሐዊ አይደለም። ሁለተኛ፣ የብዙ ገበሬ ፓምፕ፣ የተጠለፈ ወንዝና የዘገየ ክረምት በአንድ ዓመት ሲገጥሙ ጉድለቱ በሴንቲ ሜትር አይቆምም። ዝናብ ሲመለስም ትነቱ አብሮ ይኖራል እንጂ አያርፍም።

የውኃው ጥራትም ታሪክ አለው። ቀድሞ ሐይቁን ያጠኑ ተመራማሪዎች ውኃው እጅግ ጥሩና ጥልቀት ድረስ የሚያሳይ መሆኑን ጽፈው ነበር። በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ ቆሮሶ ዓሣ ወደ ሐይቁ ገባ። ቆሮሶው በዛ፤ ለአካባቢው ወጣቶች ሥራ፣ ለሐይቅ ከተማ ምግብ ቤቶችም ስም ሆነ። ሆኖም ውኃው ከዚያ ወዲህ እንደ ቀድሞው ጥሩ አይደለም። ተመራማሪዎች የሚሰጡት ማብራሪያ እንዲህ ነው፤ በሐይቁ ውስጥ አልጌ የሚበሉ ደቃቅ እንስሳት ነበሩ፤ ዓሣው እነርሱን በላ፤ በላያቸው የሚግጥ የጠፋላቸው አልጌዎች በዙ። በኮሌጅ ስለ ግጦሽ ስንማር ላም የሌለበት መስክ ሣሩ ይረዝማል የሚለውን ሁሉም ያውቃል፤ በውኃ ውስጥም ያው ነው። ከእርሻ የሚታጠብ ማዳበሪያ ሲጨመርበት አልጌው ይጠግባል። እዚህ ላይ የእኔ አስተያየት ዓሣው መግባት አልነበረበትም የሚል አይደለም። የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነውና። ነገር ግን ወደ አንድ ሐይቅ አንድ ፍጥረት ሲጨመር የሚለወጠው የዓሣ ብዛት ብቻ አለመሆኑን ሎጎ ያስተምራል። ወለሉ መስታወት የሆነ ጀልባ ዛሬ በሎጎ ቢሠራ ተሳፋሪው የሚያየው ስብርባሪ ቀርቶ አንድ ክንድ ጥልቀት ያለውን ቆሮሶ ለማየትም ይቸገር ይሆናል።

መፍትሔው አዲስ ነገር አይደለም፤ የወሎ ገበሬ የሚያውቀው ነው። በኮረብቶቹ ላይ የሚሠራው እርከን አፈሩን ከሐይቁ ያስቀራል። የሣርና የዛፍ መቀነት ተትቶለት ያልታረሰ የሐይቅ ዳር ደለሉንና ማዳበሪያውን ያጣራል። ደንገልና ፊላ እንደ ወንፊት ናቸው፤ እነርሱን ነቅሎ እስከ ውኃው ጫፍ ማረስ ለአንድ ዓመት ጥቂት ኩንታል ይሰጣል፣ ከዚያ በኋላ ግን ደለሉ በቀጥታ ይገባል። ፓምፕ የሚጠቀሙ ገበሬዎች ሽንኩርቱን ከቀትር ይልቅ በማለዳ ወይም በምሽት ቢያጠጡ በትነት የሚጠፋው ውኃ ይቀንሳል፤ ይህ ምንም ወጪ አይጠይቅም።

ለጉብኝቱ የሚሄዱ ሰዎች የሚከተለውን ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል። ዋጋ ከመሳፈር በፊት ይስማሙ፤ ለአንድ ሰው ይሁን ለጀልባዋ ሙሉ በሙሉ፣ የመልስ ጉዞውን ይጨምር አይጨምር ግልጽ ይሁን። የሕይወት አድን ጃኬት ይጠይቁ፤ ከሌለ ሌላ ጀልባ ይፈልጉ፤ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ውኃ ዋና ለማያውቅ የደጋ ሰው ቀልድ አይደለም። ጀልባዋ ሲበዛባት ጠርዟ ከውኃው ጋር ይቀራረባል፤ በጠርዟና በውኃው መካከል ያለው ከአንድ ስንዝር ካነሰ አይሳፈሩ። ልጆችን መሐል ያስቀምጡ፤ ፎቶ ለማንሳት ሁሉም በአንድ ጎን አይነሳ። ወደ ገዳሙ ለሚገባ ሰው ነጠላና ረጅም ልብስ ያስፈልጋል።

ከጀልባዋ ሲወርዱ ገዳሙን ከየብስ ጋር ወዳያያዘው መሬት ሄደው ጥቂት ይቁሙ። ሣር የበቀለበት ተራ መሬት ነው፤ ምንም ምልክት የለበትም። የአልቫሬዝ ዘመን መነኮሳት ቅላቸውን አስረው የሚቀዝፉት፣ የኢማሙ ወታደሮች ጥልቀቱን እየለኩ የሚፈሩት ውኃ ገዳሙን ዙሪያውን ሲከብበው በዚህም በኩል ነበር። ዛሬ ከብት ይሰማራበታል።